ስም የሚጻፍበት

አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ምድር ቤት፣ ድሮ የተዘጉ መዛግብት የሚከማቹበት ሰፊ ክፍል ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት መዛግብቱ ወደ ሌላ ሕንፃ ተወሰዱ፤ ግድግዳው ቢጫ ተቀባ፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ተነጠፈና ክፍሉ የሕፃናት ማቆያ ሆነ። ይህ የማንም ችሮታ አልነበረም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞቻቸው ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነው። ያ አዋጅ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣት ነበር። ሐኪሞች ደግሞ ሕፃን ስድስት ወር እስኪሞላው ከእናቱ ጡት ሌላ ምንም እንዳይቀምስ ይመክራሉ። ፈቃዱ ካለቀ በኋላ ያሉትን ሦስት ወራት እናት እንዴት ትወጣቸዋለች? በዚያ ክፍል ግድግዳ ላይ፣ በምስማር በምስማር የተንጠለጠሉትን ቦርሳዎች ከፍቶ ያየ ሰው መልሱን ያገኘዋል።

ታሪኬ ከእነዚያ ቦርሳዎች ስለ ሁለቱ ነው።

አንዱ የሒሳብ ባለሙያዋ ነው። ልጇ የስምንት ወር ወንድ ነበር። ቦርሳውን የምታዘጋጀው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ልጁ ከተኛ በኋላ ነው። ስድስት ዳይፐር፣ አንድ እሽግ እርጥብ ሶፍት፣ ቫዝሊን፣ ሁለት ሙሉ ቅያሪ ልብስ፣ ሦስት ጥንድ ካልሲ፣ ሲበላ ደረቱ ላይ የሚታሰር ጨርቅ፣ ትንሽ ብርድ ልብስ፣ ጡጦ፣ ተለክቶ በደረቅ ዕቃ የተቀመጠ የዱቄት ወተት፣ የሙቅ ውኃ ፔርሙስ፣ በምሳ ዕቃ ገንፎ። ስስ ሹራብና ወፍራም ሹራብ ለየብቻ ታጥፋለች፤ በዚህም ብልህ ነበረች። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ውስጥ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የልጅ ጆሮ ካልተሸፈነ ይቀዘቅዛል፤ ስድስት ሰዓት ላይ ያው ልጅ በዚያው ልብስ በላብ ይጠመቃል፤ አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ ነፋስና ዝናብ ሊመጣ ይችላል። አንድ ወፍራም ልብስ ካለበሰች እናት ይልቅ ስስ ስሱን የደራረበች እናት ልጅ ቀኑን በሰላም ያሳልፋል።

በአብዛኛው ዕቃ ላይ ስም ነበረበት። ልብሱ ላይ በክር ተጠልፏል። ካልሲው ላይ፣ የሶፍቱ እሽግ ላይ፣ የቫዝሊኑ ክዳን ላይ በማርከር ተጽፏል። እንዲህ ያደረገችው ሥራዋ ሒሳብ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። ልጇን ለዘጠኝ ሰዓት ያህል ለሌላ ሰው እጅ ትታ፣ ሦስት ፎቅ ወጥታ ትሠራለች። በሌለችበት ሰዓት በእሷ ፈንታ ልጁ ዘንድ የሚቆየው ያ ዕቃ ነው። ባሏ የወሩን አጋማሽ መስክ ላይ ስለሚሆን የሚያግዛት የአክስቷ ልጅ ብቻ ነበረች። አንድ ካልሲ ጨምራ የምትከተው አንድ ፍርሃት ለመቀነስ ነበር። እንዲህ ያለውን ፍርሃት የማያውቅ ሰው በቦርሳዋ ክብደት ባይስቅ ይሻላል።

ሁለተኛው የጽዳት ሠራተኛዋ ነው። እሱ ቦርሳም አልነበረም፤ ፌስታል ነው። ውስጡ ከአሮጌ አቡጀዲ ተቀዶ፣ በፈላ ውኃ ታጥቦ በአራት የታጠፈ ስድስት ጨርቅ፣ አንድ ቅያሪ ልብስ፣ አንድ ነጠላና አንድ ትንሽ ጡጦ አለ። ልጇ የአምስት ወር ሴት ናት። እናትየው ትምህርቷን ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ራቅ ወዳለው ሌላው ሕንፃ እየተላከች የምታጸዳ ሴት ነበረች። በእነዚያ ቀናት ጠዋት መጥታ ማጥባት አትችልም፤ ስለዚህ ከቤት ሳትወጣ የጡቷን ወተት በእጇ አልባ ታመጣለች። ጡጦው ላይ ፕላስተር ለጥፋ የልጇን ስምና ያለበችበትን ሰዓት በስክሪፕቶ ትጽፋለች፤ «12:15»። ጤና ጣቢያ ልጇን ስታስከትብ ነርሷ እንዲህ ብላ ነግራታለች፦ ከጡት የወጣ ወተት ቤት ውስጥ እንዲሁ ከተቀመጠ ከአራት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ፍሪጅ ካለ ግን እስከ አራት ቀን ይቆያል። ክፍሉ ያን ጊዜ ፍሪጅ አልነበረውም። ስለዚህ የ12:15ቱ ወተት 4:15 ሳይሆን መጠጣት አለበት፤ ካልተጠጣ ይደፋል። ሌላ ጽሑፍ ፌስታሉ ውስጥ የለም።

ክፍሉን የሚመሩት ሁሉም «እማማ» የሚሏቸው ሴት ናቸው። ከሥራቸው ሁለት ወጣት ሞግዚቶች አሉ። እማማ ጠዋት ልጅ ሲቀበሉ ከቦርሳው በፊት እናትየዋን ነው የሚያዩት። «መቼ ጠባ? መቼ ተኛ? ሌሊት እንዴት አደረ?» ይላሉ። ብዙዎች ሰዓት ደርሶባቸው «ደህና ነው፣ ደህና ነው» እያሉ ቦርሳውን ሰቅለው ይሮጣሉ።

ግንቦት አልቆ ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ጀመረ። ሰኔ ለሒሳብ ክፍል ከባድ ወር ነው፤ ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ይዘጋል፤ ሰነድ ሁሉ ተመርምሮ፣ ቀሪው ሁሉ ታርቆ መቅረብ አለበት። ሰኔ ለጽዳት ሠራተኛዋም ከባድ ነው፤ በጠባብ ጓሮ የተሰጣ ጨርቅ አልደርቅ ይላል።

በዚያው ሰሞን የሒሳብ ባለሙያዋ ከቦርሳዋ ዳይፐር እየጎደለ መሆኑን አወቀች። እንደ ልማዷ ቆጥራ ልካ፣ ቆጥራ ትቀበላለች። ከሁለት ቀን በኋላ ወረደች።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር።»

«ጠይቂኝ ልጄ።»

«ስድስት ዳይፐር ልኬያለሁ። ሞግዚቶቹ የላኩልኝ ወረቀት አራት ጊዜ ተቀየረለት ይላል። የቀረው ግን አንድ ነው። ትናንትም እንዲሁ ነበር።»

እማማ አላንገራገሩም። «እኔ ነኝ የወሰድኩት። የዚያችኛዋ ልጅ ጨርቅ እርጥብ መጣ። እርጥብ ጨርቅ አላስርላትም አልኩና ካንቺ ወሰድኩ።»

«እኔ እኮ ሰስቼ አይደለም። ቢነግሩኝ ግን ምን ነበረበት?»

«ልክ ነሽ። መጠየቅ ነበረብኝ። ይቅር በይኝ።»

እዚህ ላይ ለሒሳብ ባለሙያዋ እፈርዳለሁ። የሰውን ዕቃ ሳይጠይቁ ማንሳት፣ ለበጎም ቢሆን፣ ቤትንና ክፍሉን የሚያስተሳስረውን እምነት ይሸረሽራል። ዳይፐርም ርካሽ ነገር አይደለም፤ የእሷም ደመወዝ ወር የሚደርሰው በጭንቅ ነው። እማማም ይህን ስለሚያውቁ ሰበብ አልደረደሩም።

ችግሩ ከዚያ ወዲያ ያደረገችው ነው። በዚያ ማታ ማርከሯን አውጥታ በእያንዳንዱ ዳይፐር ላይ ስም ጻፈች፤ ከስሙ ሥር ደግሞ ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ሰጠች። በማግስቱ ወጣቶቹን ሞግዚቶች ጠርታ «ከዚህ ቦርሳ ለማንም ምንም እንዳይወጣ» አለቻቸው። በር ላይ ቆማ ልጇን ታቅፋ የነበረችው የጽዳት ሠራተኛ ሰማች። አንገቷን ደፍታ አለፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨርቆቹን በሌሊት ከሰል ላይ እያደረቀች ታመጣለች ይባል ነበር፤ ጭስ ጭስ ይሸታሉ።

ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ነገር ሆነ። የሒሳብ ባለሙያዋ ጡጦና የሌላ እናት ጡጦ ከአንድ ሱቅ የተገዙ፣ ቀለማቸውም መጠናቸውም አንድ ነበር። ሁለቱም ላይ ስም የለም። ወጣቷ ሞግዚት ልጁ ሲያለቅስ ቸኩላ የዚያችኛዋን እናት የጡት ወተት አንስታ ወደ አፉ አስጠጋችው። እማማ አይተው በእጃቸው መለሱት። ትንሽ ነገር አይደለም። በጡት ወተት የሚተላለፍ በሽታ አለ፤ ኤች አይ ቪ አንዱ ነው። የአንዷ እናት ወተት ለሌላዋ ልጅ በስህተት ከተሰጠ ሁለቱም እናቶች መጠራት፣ ሐኪም ዘንድም መሄድ አለባቸው።

ማታ እማማ አስቀርተው ነገሯት። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ልጄ» አሏት፣ «ስም የጻፍሽው ቢወሰድብሽ በሚያናድድሽ ነገር ላይ ነው። ቢሳሳት በሚያስፈራሽ ነገር ላይ ግን አልጻፍሽም።»

የዚያኑ ማታ ጡጦው ላይ ፕላስተር ለጠፈች። የዳይፐሩን ቁጥር ግን አላቆመችም።

ከዚያ የሰኔ የመጨረሻው ሰኞ መጣ። ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረው ጠዋትም አላባራም። መገናኛ ታክሲ ተራ ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። ልጁን አቅፋ፣ ጃንጥላውን በአንገቷና በትከሻዋ መሐል አጣብቃ፣ ማታ ቤት ወስዳ ያደረችባቸውን ሰነዶች በብብቷ ይዛ እንደምንም ሚኒባስ ገባች። ረዳቱ ቦርሳውን ተቀብሎ ከኋላ ወንበር ሥር አስቀመጠላት። ስትወርድ ዝናቡ በርትቶ ነበር። ልጁን ሸፍና ሮጠች። ማቆያው በር ላይ ደርሳ ቦርሳውን ለመስቀል እጇን ወደ ትከሻዋ ስትሰድ ባዶ ነው።

ታክሲው ሄዷል። ሰዓቱ ሁለት ተኩል ሊሆን ነው፤ ኦዲተሮቹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እየጠበቋት ነው። እንባዋ መጣ። «ምንም የለውም እኮ እማማ። ምንም ይዤለት አልመጣሁም።»

«ልጁን ይዘሽልኝ መጥተሻል። ስጪኝ» አሉ እማማ። «አሁን ንገሪኝ። መቼ በላ?»

ዝም አለች።

«መቼ ተኛ? የማይስማማው ነገር አለ?»

ስድስት ዳይፐር፣ ሦስት ጥንድ ካልሲ፣ የጠፋውን ቦርሳ ዝርዝር በቃሏ ልታወራው ትችል ነበር። ይህን ግን አላወቀችም። ያን ሰሞን ማታ እሷ ከሰነድ ጋር ስታመሽ፣ ጠዋትም ስትጣደፍ፣ ልጁን የምታበላውና የምታስተኛው የአክስቷ ልጅ ነበረች። ማንም እናት በሰኔ እንዲህ ሊደርስባት ይችላል፤ ይህን ለነቀፋ አላነሳውም። ስልኳን አውጥታ ቤት ደወለች።

ልጅቷ ከወዲያ በኩል እየተንተባተበች ነገረቻት። ትናንት ማታ የእንቁላል አስኳል አቅምሳው ነበር። ወዲያው አፉ ዙሪያ ሽፍ አለበት፤ ከዚያ አስመለሰው። «ልነግርሽ ስል ወረቀት ላይ ነበርሽ። ጠዋት ጠፍቶለት ሳየው ተውኩት።»

እማማ ስልኩን ተቀብለው ሁሉንም አንድ በአንድ ጠየቋት። ሲጨርሱ ፕላስተር ቆርጠው «እንቁላል አይበላም» ብለው ጻፉና ከልጁ ጀርባ ላይ፣ ከፍ አድርገው ለጠፉት። ለወጣቶቹ ሞግዚቶችም ለየብቻ ነገሯቸው። «ሐኪም ሳያየው እንቁላል እንዳይቀምስ። በዚህ ሳምንት ውሰጂው» አሏት እናቱን። «አሁን ውጪ።»

ይህ ባይታወቅ ኖሮ የሚሆነውን ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ልጁ ምሳ አልያዘም። በዚያ ቀን ከሌላ ልጅ ምሳ ዕቃ ተቀንሶ ሊሰጠው የነበረው ገንፎ እንቁላል ተመትቶ የገባበት ነበር። እማማ እሱን ትተው፣ ከሌላ ልጅ ድንችና ካሮት በሹካ ጨፍልቀው አበሉት። የእነዚያን ልጆች እናቶች ግን በዚህ ጊዜ ቀድመው ጠየቁ፤ አንዷን በስልክ፣ አንዷን ፎቅ ድረስ ሰው ልከው።

ማታ አሥራ አንድ ተኩል ላይ የሒሳብ ባለሙያዋ ስትወርድ ልጇ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ በፕላስቲክ ጭልፋ ወለሉን ይደበድባል። ሱሪው የአንዱ ልጅ ነው፤ አጥሮታል። ሹራቡ የሌላው ነው፤ ክሳዱ ላይ የሌላ ሰው ልጅ ስም ተጠልፎበታል። አነሳችውና ከሥር ምን እንደታሰረለት ዳበሰች። ዳይፐር አልነበረም። በአራት የታጠፈ አቡጀዲ ነው። ጭስ ጭስ ይሸታል።

ዞር ስትል የጽዳት ሠራተኛዋ ልጇን አዝላ ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር።

«ያንቺ ነው?» አለቻት።

«አዎ እትዬ። ዛሬ ደርቆልኝ ነበር፤ እማማ ሲጠይቁኝ ሦስቱን ሰጠኋቸው። ጨርቅ ለትልቁም ለትንሹም ይሆናል፤ አስተጣጠፉ ነው።»

«ላንቺ ልጅስ?»

«ሦስት ተረፈኝ። ካነሰም ምሳ ሰዓት ላይ ልቤ እዚሁ አጥባቸዋለሁ ብሎ ነበር፤ አላነሰም።»

የሒሳብ ባለሙያዋ መልስ ፈለገች፣ አላገኘችም። ጨርቆቹን ማታ በእጇ አጠበች። ዝናብ ስለነበር በካውያ አደረቀቻቸው። ጠዋት ስታስረክብ ከሥራቸው ሙሉ የዳይፐር እሽግ አድርጋ ለማስገባት አስባ ነበር፤ ተወችው። ለተሰጣት ነገር ዋጋ እንደ መክፈል ሆኖ ታያት። ጨርቆቹን ብቻ ሰጠች፣ «እግዜር ይስጥልኝ እህቴ» አለች። ከዚያ ልጁን ሐኪም ቤት ወሰደች።

በሐምሌ መጀመሪያ የልጆቹ ወላጆች ተሰበሰቡ። ስብሰባውን የጠራችው እሷ ናት። ሐሳቧ ቀላል ነበር። ክፍሉ ውስጥ አንድ መደርደሪያ ይቁም፤ ዳይፐር፣ ጨርቅ፣ ያደጉ ልጆች የተዉት ልብስ፣ ሶፍት፣ ቫዝሊን እየተቀመጠ የጎደለው ልጅ ሁሉ ይጠቀምበት፤ ያለው የሚችለውን ያምጣ። ጡጦ፣ የጡት ወተት፣ መድኃኒትና ምግብ ግን በፍጹም አይቀላቀሉ። በእነዚህ ላይ ስምና ሰዓት ይጻፍ። መድኃኒት ከሆነ ማን እንዳዘዘው፣ ስንት እንደሚሰጥና መጨረሻ የተሰጠው መቼ እንደሆነ ይጨመር። ጠዋት ፓራሲታሞል ሽሮፕ ጠጥቶ የመጣ ልጅ ትኩሳቱ ለጥቂት ሰዓት ይወርድና ምሳ ሰዓት ላይ ይነሳበታል፤ ያልተነገራቸው ሞግዚቶች ደግመው ቢሰጡትስ? በቦርሳው ውስጥ ከሁሉ በላይ አንዲት ወረቀት ትቀመጥ፤ ልጁ መቼ እንደበላ፣ መቼ እንደተኛ፣ ምን እንደማይስማማው የሚገልጽ። ጊዜ የሌለው ሰው ወረቀቷን ትቶ ለእማማ በቃል ይንገራቸው፤ ሳይነግር ግን አይሂድ።

አንድ አባት ተነሣ። «ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር። ጥቂቶቻችን እናመጣለን፣ ሌሎቹ ይጠቀማሉ። በሁለት ወር ውስጥ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል፤ ያመጣው ሰውም ይቀየማል።»

ማንም አልተቆጣውም፤ የተናገረው ሐሰት አይደለምና። እሷም ራሷ ከአንድ ወር በፊት ያንኑ ነበር የምታስበው። «ሊሆን ይችላል» አለችው። «ባዶ ሲሆን እንደገና እንነጋገራለን። እኔ ግን መዝገብ አልይዝለትም። ማን ስንት አመጣ፣ ማን ስንት ወሰደ የሚል መዝገብ ከያዝኩ የጎደለበት ሰው ወደ መደርደሪያው እጁን አይዘረጋም።» መዝገብ በመያዝ እንጀራዋን የምትበላ ሴት ይህን ስትናገር ሰዎቹ ዝም ብለው አዳመጧት።

አባትየው የልጁን ቦርሳ ለብቻው አቆየ፤ በሁሉም ላይ ስም ጻፈ። ማንም ምንም አላለውም፤ እማማም ከዚያ ቦርሳ አንድ ነገር አላነሱም። መደርደሪያው ሁለት ጊዜ ባዶ ሆኖ ያውቃል። አንዴ የጽዳት ሠራተኛዋ ከአቡጀዲ የሰፋቻቸውን አሥራ ሁለት ጨርቆች ይዛ መጣች፤ አንዴ ደግሞ ልጇ አድጎ የወጣላት አንዲት ጸሐፊ የሕፃን ልብስ ሙሉ ሻንጣ አመጣች።

ሐምሌ ላይ የመሥሪያ ቤቱ የዓመት የግዥ ዕቅድ ሲዘጋጅ የሒሳብ ባለሙያዋ ለምድር ቤቱ ክፍል አንድ ገጽ ጻፈች፦ ለጡት ወተት አንድ ትንሽ ፍሪጅ፣ የጨርቅ ማድረቂያ፣ ሳሙና፣ ፕላስተርና ማርከር፣ ለዓመት የሚበቃ ዳይፐር። በእያንዳንዱ ፊት ለፊት ለስንት ልጅ እንደሚያስፈልግ አስልታ ቁጥሩን አስቀመጠች፤ በዚህ ሥራ የሚተካከላት አልነበረም። ፍሪጁና ማድረቂያው ተፈቀዱ፤ ኅዳር ላይ ገቡ። ዳይፐሩ «የግል መገልገያ ነው» ተብሎ ከዝርዝሩ ተሰረዘ። በቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ላይ መልሳ አስገብታዋለች።